በእርሱ ፈንታ የሄደው ወታደር

የቀድሞ ወታደር ሰባኪ ሲሆን ምእመናን ከእርሱ የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ምስክርነት አለ። ጥይት በጆሮው ጥግ አልፏል፤ ጓዱ አጠገቡ ወድቋል፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ስእለት ገብቷል፤ ከጦር ሜዳም በቀጥታ ወደ መድረክ መጥቷል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምም ሆነ በዱባይ በሚሰበሰቡ የአማርኛ ተናጋሪ ጉባኤዎች ይህን የመሰለ ታሪክ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ታሪኮች እውነት ናቸው፤ ተራኪዎቹም ከልባቸው ይናገራሉ። ነገር ግን ታሪኩ በተደጋገመ ቁጥር ጥጉ እየተሞረደ ይሄዳል። በጥይቱና በመድረኩ መካከል ያለፉት ዓመታት ይጠፋሉ፤ የወደቀው ጓድም ለተራኪው መትረፍ ማስረጃ ከመሆን ያለፈ ድርሻ አይኖረውም።

ባፕቲስቶች ከአባቶቻቸው አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወታደር ነበር። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሰው የሚያውቀው ሸክሙን በጀርባው አዝሎ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊት ከተማ በሚጓዘው መንገደኛ ታሪክ ነው። መጽሐፉ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ በስዊድን ሚስዮን አካባቢ በነበሩ ሰዎች ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎችም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ከእርሱ ጋር ያለውን ዝምድና ጠቁመዋል። የዚያ መጽሐፍ ደራሲ በወጣትነቱ የጦር ሰፈር እንጀራ መብላቱን ግን ብዙ ሰው አያስበውም። ለዚህ በአብዛኛው ምክንያቱ ራሱ ነው። በ1666 ባሳተመው መንፈሳዊ የሕይወት ታሪኩ፣ «ለኃጢአተኞች አለቃ የተትረፈረፈ ጸጋ» በሚለው መጽሐፍ፣ አንዲት የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል እንዴት እንዳስጨነቀችው ለመተረክ ገጽ በገጽ ላይ ሲደርብ፣ ለውትድርና ዓመታቱ የሰጠው አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ «ወዳጄ ልቤ» የታተመው ቡንያን ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።)

አንቀጹ የሚለው ይህን ነው። ወታደር ሳለ ከሌሎች ጋር አንድ ስፍራ ለመክበብ እንዲሄድ ተመደበ። ሊነሣ ሲል ከጓዶቹ አንዱ በእርሱ ፈንታ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረው፤ ቡንያንም ተስማማ። ያ ሰው ወደ ከበባው ሄደ፤ ዘብ ቆሞ ሳለም ራሱን በነፍጥ ጥይት ተመትቶ ሞተ። የሰውየው ስም አልተጻፈም። የከበባው ቦታም አልተጻፈም፤ የኋላ ጸሐፍት ሌስተር ነው ብለው ቢገምቱም እርሱ አልተናገረም። ጓዱ ለምን መሄድ እንደፈለገ፣ ቡንያንም ለምን እንደተስማማ አንድም ቃል የለም።

ይህ አንቀጽ የሚገኝበት ቦታ ከራሱ ከአንቀጹ ይበልጥ ይናገራል። ቡንያን ከሞት የተረፈባቸውን አጋጣሚዎች በተከታታይ ሲዘረዝር ነው የሚያነሣው፦ አንድ ጊዜ በባሕር ዳር፣ ሌላ ጊዜ በቤድፎርድ ወንዝ ሊሰጥም ነበር፤ አንድ ጊዜም በመንገድ ያገኘውን እባብ በበትር መትቶ ካደነዘዘ በኋላ በጣቱ መርዙን ነቅሏል። ከእባቡ ቀጥሎ ወታደሩ ይመጣል። ከዚያም ምስክርነት ለመስማት የተቀመጠ አድማጭ የማይጠብቀው ቃል ይከተላል፦ ፍርዱም ምሕረቱም ነፍሱን አላነቋትም፤ ኃጢአቱንም አልተወም፤ እንዲያውም በማመፁ ገፋበት። ሰውየው በእርሱ ፈንታ ሞተ፤ እርሱ ግን አልተለወጠም። በዚያ ጥይትና ቡንያን ሰባኪ በሆነበት ቀን መካከል አሥር ዓመት ያህል አለ፤ የቡንያንም ሐቀኝነት ያንን አሥር ዓመት አለመዝለሉ ነው።

ቡንያን በ1628 የተወለደው በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ ባለችው ኤልስቶ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ከመንደር መንደር እየዞረ የተሸነቆረ ድስትና ሰታቴ የሚጠግን ሰው ነበር፤ ልጁም ያንኑ ሙያ ወረሰ። አማርኛ «ባለእጅ» ወይም «ቀጥቃጭ» ሲል በቃሉ ውስጥ የሚሰማው ንቀት በዘመኑ እንግሊዝኛም ውስጥ ነበር፤ ጠላቶቹ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ በዚያው ስም ሲጠሩት ኖረዋል። በ1644 ሰኔ ላይ እናቱ ሞተች። በሐምሌ እኅቱ ማርጋሬት ተከተለቻት። በነሐሴ አባቱ ሌላ ሚስት አገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጨረሻ፣ ዕድሜው አሥራ ስድስት በሞላበት ሰሞን፣ የልጁ ስም ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ጋር ይዋጋ በነበረው የፓርላማው ሠራዊት መዝገብ ላይ ይገኛል። ተገዶ ተመልምሎ ይሁን በፈቃዱ ገብቶ መዝገቡ አይናገርም። ያን የመሰለ በጋ ያሳለፈ ልጅ ከቤት ለመውጣት ብዙ ግፊት እንደማያስፈልገው ግን መገመት አያዳግትም።

የተመደበው ከቤድፎርድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኒውፖርት ፓግነል የጦር ሰፈር ነበር። የሰፈሩ አዛዥ ሰር ሳሙኤል ሉክ ለለንደን የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ፤ አብዛኞቹ እሮሮ ናቸው። ደመወዝ ለወራት አይመጣም፤ ልብስ የለም። በአንድ ደብዳቤው ላይ ሁለት ወታደሮች በአንድ ሱሪ እንደሚኖሩ፣ አንዱ ተነሥቶ ሲለብሰው ሌላው የግድ አልጋው ላይ መቆየት እንዳለበት ይነግራቸዋል። ሥራው ምሽግ መጠበቅ፣ ዘብ መቆምና ከአካባቢው ገበሬ ስንቅ መሰብሰብ ነበር። በ1645 ሰኔ የጦርነቱን ዕጣ የወሰነው የኔዝቢ ውጊያ ሲካሄድ ቡንያን በዚያ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። ወታደርነቱ በአብዛኛው መጠበቅ፣ መራብና መሰልቸት እንደነበረ መገመት ይቻላል፤ የብዙ ወታደሮች ወታደርነት እንዲሁ ነው።

በሰፈሩ ግን ከዳቦ ይልቅ የማይጠፋ ነገር ነበር፤ እርሱም ንግግር ነው። የፓርላማው ሠራዊት ወታደር መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፤ ባነበበውም ይከራከራል። በ1643 ለወታደሮች ተብላ የተዘጋጀች፣ ለጦርነት የሚስማሙ ጥቅሶች የተለቀሙባት፣ ኪስ የምትገባ አሥራ ስድስት ገጽ መጽሐፍ ታትማ ነበር። በ1645 ሚያዝያ ፓርላማው ያልተሾመ ሰው እንዳይሰብክ ደነገገ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ፖል ሆብሰን የሚባል ባፕቲስት ሻምበል ከአንድ ባልደረባው ጋር ወደ ኒውፖርት ፓግነል አካባቢ መጥቶ ሰበከ። ሥርዓት ወዳዱ ሉክ ሁለቱንም አስይዞ ወደ በላዮቹ ላካቸው፤ እነርሱ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተለቀቁ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ቡንያን በዚያ ስብከት ላይ ተገኝቶ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። ነገሩ በሰፈሩ ሁሉ ሳይወራ እንዳልቀረ ግን ጥርጥር የለውም። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ጳጳስ እጁን ያልጫነበት፣ ቀበቶው ላይ ሰይፍ ያንጠለጠለ ሰው ቆሞ የእግዚአብሔርን ቃል ሊናገር ይችላል ማለት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ዳኞች ድስት ጠጋኝ ምን ሥልጣን አለህ ብለው ሲጠይቁት ጥያቄው ለቡንያን አዲስ አልነበረም። በሰፈሩ ሰምቶታል፤ ከነመልሱ።

በ1647 ወደ አየርላንድ ሊሻገር በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ተመዘገበ፤ ክፍሉ ባሕሩን ሳይሻገር በሐምሌ ተበተነ። ቡንያን ወደ ኤልስቶ ተመለሰና መዶሻውን አነሣ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አገባ። የመጀመሪያ ሚስቱ ስም ለታሪክ አልቀረም፤ እርሱ የጻፈልን ማንኪያና ሳህን እንኳ ሳይኖራቸው እንደተጋቡና ከአባቷ የወረሰቻቸውን ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት ይዛ እንደመጣች ነው። በ1650 የተወለደችው የመጀመሪያ ልጃቸው ሜሪ ዓይነ ስውር ነበረች።

ከጦርነት የተረፈው ሰው የፈራው ሞት አልነበረም፤ ደወል ነበር። በኤልስቶ ቤተ ክርስቲያን ደወል መደወል ይወድ ነበር። ይህ ከንቱ ደስታ ነው ብሎ ካቆመ በኋላ እንኳ ሌሎች ሲደውሉ ለማየት ይሄዳል። አንድ ቀን ደወሉ ወድቆ ቢፈጨኝስ የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ስለዚህ ከወፍራሙ አግዳሚ እንጨት ሥር ይቆም ጀመር። ደወሉ ከግድግዳ ነጥሮ ቢመታኝስ ብሎ ወደ በሩ ሸሸ። ግንቡ ራሱ ቢናድብኝስ ብሎ በመጨረሻ መሄዱን ተወ። ይህን ራሱ ሲጽፈው ፈገግ ሳይል የጻፈው አይመስልም። ጓዱ በነፍጥ ሲሞት ያልተንቀጠቀጠ ሰው በመንደር ደወል ሥር ሲንቀጠቀጥ ማየት ግን ከጦርነት የተመለሰ ሰው አብሮት ለሚኖር ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ፍርሃት በጊዜው አይመጣም፤ ዘግይቶ፣ በማይመለከተው በር ይገባል።

ለውጡን ያመጡት ሰባኪዎችም መኮንኖችም አልነበሩም። ለሥራ ወደ ቤድፎርድ በሄደበት ቀን ሦስት ወይም አራት ድኻ ሴቶች ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሲያወሩ ሰማ። ስለ እግዚአብሔር ነገር ራሱም ተናጋሪ ስለነበረ ተጠግቶ አዳመጠ። ግን አልገባውም፤ የሚያወሩት ስለ አዲስ ልደት፣ ስለ ልባቸው ክፋት፣ እግዚአብሔር በውስጣቸው ስላደረገው ነገር ነበር። የሚናገሩትም ደስታ እንደሚያናግረው ሰው ነው። ቡንያን በቃል የሚያውቀውን ነገር እነዚህ ሴቶች ኖረውበታል። ደጋግሞ ወደ እነርሱ ይሄድ ጀመር፤ እነርሱም ወደ መጋቢያቸው ወሰዱት።

የመጋቢው ማንነት የዚህ ታሪክ ልብ ነው። ጆን ጊፎርድ በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ሻለቃ ነበር። በ1648 ኬንት በተባለው አውራጃ የተነሣው የንጉሡ ደጋፊዎች ዐመፅ ሜይድስቶን ላይ ሲደመሰስ ተማረከ፤ ከሌሎች ጋርም በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት። ከመሰቀያው ቀን በፊት በነበረችው ሌሊት እኅቱ ልትጠይቀው ገባች፤ በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ከውስጥ ያሉት ሰክረዋል። ውጣ አለችው፤ ወጣ። ሦስት ቀን ያህል ቦይ ውስጥ ተደብቆ፣ መልኩን ለውጦ ለንደን ገባ፤ በመጨረሻም ማንም በማያውቀው በቤድፎርድ ሐኪም ሆኖ ተቀመጠ። ከስቅላት ማምለጡ እርሱንም አልቀደሰውም። ይጠጣል፣ ይቆምራል፣ ይሳደባል፤ ፒዩሪታኖችን ከመጥላቱ የተነሣ ከከተማው የታወቁትን አንዱን ለመግደል አስቦ ነበር። አንድ ሌሊት በቁማር 15 ፓውንድ ተበላና በእግዚአብሔር ላይ በቁጣ ሲሳደብ ቆይቶ አንድ መንፈሳዊ መጽሐፍ አነሣ፤ መጽሐፉም ያዘው። ሊገድላቸው ወዳሰባቸው ሰዎች ሄዶ ልግባ ቢላቸው መጀመሪያ አላመኑትም፤ ቢያምኑት ነበር የሚገርመው። በ1650 ግን አሥራ ሁለት ሆነው ጉባኤ ሲመሠርቱ መጋቢያቸው አድርገው የመረጡት እርሱን ነበር።

እንግዲህ የፓርላማው ነፍጠኛ የነፍሱን ጭንቀት ሊያዋይ የሄደው ወደ ንጉሡ ሻለቃ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር፤ ንጉሡ አንገቱ የተቆረጠው በ1649 ጥር ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለ ጦርነቱ ተነጋግረው እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም፤ የጉባኤው መዝገብም ማን ከየትኛው ወገን እንደተዋጋ እየቆጠረ አባላትን አይለይም። ጊፎርድ በ1655 ሊሞት ሲል ለምእመናኑ የተወው ደብዳቤ ግን የቀድሞ ወታደር ደብዳቤ ለመሆኑ ምልክት አለው። ጉባኤው በጥምቀት፣ በእጅ መጫን፣ በመዝሙርና በመሳሰሉት ውጫዊ ነገሮች ምክንያት እንዳይከፋፈል አጥብቆ ይለምናቸዋል። ወገን ለይቶ መሰለፍ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሜይድስቶን ላይ ያየ ሰው ነው የሚለምነው። የአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃም በኋላ በባዕድ ከተማ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ አንዱ ወንበር ላይ ያለው ሌላው ወንበር ላይ ካለው ጋር የት ግንባር እንደተፋጠጠ የሚያውቁ ምእመናን ይህን ደብዳቤ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

የቡንያን ሰላም ወዲያው አልመጣም። ለወራትና ለዓመታት ክርስቶስን ሽጠው የሚል ድምፅ በውስጡ እየጮኸ፣ እንደ ዔሳው ብኩርናዬን ሸጬ ተፈርዶብኛል እያለ ተሠቃየ። ትውፊት እንደሚለው በ1653 ገደማ ኡዝ በሚባለው ወንዝ ተጠመቀ። በ1655 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቤድፎርድ ከገባ በኋላ ወንድሞች አንድ ቃል እንዲናገር ለመኑት፤ በመጀመሪያ በትንንሽ ስብሰባ፣ ቀጥሎም በአደባባይ ተናገረ። ስለ ስብከቱ ራሱ ሲጽፍ የሰበከው የሚሰማውን፣ ያውም የሚያቆስለውን ነገር እንደነበረ ይናገራል፤ ለታሰሩት ሊሰብክ ሲሄድ ራሱ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ምናልባት ሰው የወደደው በዚህ ነው። ከላይ ቆሞ አይጣራም፤ ገና ከጉድጓዱ ያልወጣ ሰው ሆኖ ይጣራል።

በ1660 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ወደ ዙፋን ተመለሰ፤ የነጻ ጉባኤዎች ዘመንም አበቃ። በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን ቡንያን ሎወር ሳምሴል በምትባል መንደር ሊሰብክ ሲደርስ የመያዣ ትእዛዝ እንደወጣበት የቤቱ ባለቤት ነገረው፤ ስብሰባው ቢቀር ይሻላልም አለው። ለማምለጥ ጊዜ ነበረው። ብቻውን ወደ ሜዳው ወጥቶ እየተመላለሰ አሰበ። ያሰበውን በኋላ ጽፎታል፦ እስከ ዛሬ ሌሎችን ሳደፋፍር ኖሬ አሁን ብሸሽ አዲስ ያመኑት ምን ይላሉ? ቀጥሎም እግዚአብሔር በዚያ አገር በወንጌል ምክንያት መጀመሪያ እንዲነካ የመረጠው እርሱን ከሆነ ብሎ ሲያስብ፣ የተጠቀመበት ቃል የጦር ሰፈር ቃል ነው። በምሽግ ላይ ጥቃት ሲደረግ ቀድሞ የሚላከውን፣ ይመለሳል ተብሎ የማይጠበቀውን ጓድ የሚጠራበት ስም ነው፤ በዛሬው አማርኛ «ፈንጂ ረጋጭ» እንደሚባለው። ከሱ በኋላ የሚመጡት ብዙኀን የቀደመው ሲሸሽ ካዩ እንደሚፈቱ ያውቃል።

ወደ ቤቱ ተመልሶ ስብሰባውን ከፈተ፤ ተያዘም። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በተመደበበት ስፍራ ሌላ ሰው ሄዶለት ነበር። አሁን ቦታውን ለማንም አልሰጠም። ቡንያን ራሱ እነዚህን ሁለት ቀኖች አንድ ላይ አላነሣቸውም፤ ሊያነሣቸው የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ ለጓዱ ከአንድ አንቀጽ በላይ በሰጠው ነበር። ግን የወታደር ቃል በዚያች ሰዓት ወደ አፉ የመጣው ከየትም አይደለም።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሰብሳቢው ዳኛ ሰር ጆን ኬሊንግ ነበር፤ እርሱም በጦርነቱ ዘመን በንጉሡ ደጋፊነቱ የታሰረ ሰው ነው፤ እስር ግን ርኅራኄ አላስተማረውም። ሦስት ወር እንዲታሰር፣ ከዚያ መስበኩን ካልተወ ከአገር እንዲባረር፣ ያለ ፈቃድ ከተመለሰም እንዲሰቀል ፈረደ። ቡንያን ዛሬ ቢፈታ ነገ እንደሚሰብክ ነገረው። በ1661 ነሐሴ ሁለተኛዋ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ቤድፎርድ ለመጡት ዳኞች አቤት አለች። ያገባችው ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ የመታሰሩን ዜና ስትሰማ በድንጋጤ ያለ ቀኗ ምጥ ይዟት የወለደችው ልጅ ሞቶባታል። የእንጀራ ልጆቿ አራት እንደሆኑ፣ አንዷ ዓይነ ስውር እንደሆነች፣ በሰው ምጽዋት እንደሚኖሩ ነገረቻቸው። ባልሽ መስበኩን ይተዋል ወይ ሲሏት መናገር እስከቻለ ድረስ እንደማይተው መለሰች፤ ባለእጅና ድኻ በመሆኑ ተንቆ ፍትሕ እንደተነፈገም አክላ ነገረቻቸው። ከዳኞቹ መካከል ማቲው ሄል በርኅራኄ አዳመጣት፤ በሕግ ሊረዳት ግን አልቻለም፣ ወይም አልደፈረም። ስለ ቡንያን ጽናት የሚሰብኩ ሰዎች የዚያ ጽናት ዋጋ ከማን ኪስ እንደተከፈለ ቢያስቡ መልካም ነው። እርሱ ራሱ ያውቅ ነበር፤ ከልጆቹ መለየት ሥጋን ከአጥንት እንደመለየት እንደሆነበት፣ ከሁሉም ይልቅ የዓይነ ስውሯ ልጁ ነገር ልቡን እንደሚሰብረው ጽፏል።

አሥራ ሁለት ዓመት ታሰረ። እስር ቤት ሆኖ ጫፉ በብረት የታሰረ የልብስና የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ይሰብካል፣ ይጽፋል። የጉባኤው መጋቢ ሆኖ የተመረጠውም በ1672 ጥር፣ ገና እስረኛ ሳለ ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ የፈቃድ አዋጅ ሲያወጣ ተፈታ፤ ጉባኤውም በአንድ የፍራፍሬ አትክልት ቦታ ያለ ጎተራ ገዝቶ መሰብሰቢያው አደረገ።

መጋቢ እንደሆነ መጀመሪያ ከተጋፈጣቸው ክርክሮች አንዱ ከጠላት ጋር ሳይሆን ከባፕቲስቶች ጋር ነበር። የለንደን ባፕቲስቶች በአዋቂነቱ ያልተጠመቀ ሰው ወደ ጌታ ማዕድ ሊቀርብ አይገባም ይሉ ነበር። ቡንያን በአዋቂነት መጠመቅን ያምናል፤ ነገር ግን በ1673 ባወጣው ጽሑፍ የውሃ ጥምቀት ልዩነት ኅብረትን ሊከለክል እንደማይገባ ተሟገተ። አጥብቀው ሲይዙት፣ በክርስቲያንነት እንጂ በቡድን ስም መጠራት እንደማይፈልግ መለሰ። ይህ የጊፎርድ ደብዳቤ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በሌላ እጅ የተጻፈ። ስለዚህም ባፕቲስቶችና ኮንግሪጌሽናሎች እስከ ዛሬ ሁለቱም የኛ ነው ይሉታል፤ በስሙ የምትጠራው የቤድፎርድ ቤተ ክርስቲያንም ከሁለቱም ጋር በኅብረት ትኖራለች።

ውትድርናውን በተመለከተ ዝምታውን የሰበረው ዘግይቶ፣ በልብ ወለድ ነው። መንገደኛው ክርስቲያን ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1682፣ «ቅዱሱ ጦርነት» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በአማርኛ «ነፍሰ ሰብእ» ልትባል የምትችል ከተማ አለች፤ አምስት በሮቿ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍ፣ አፍንጫና መዳሰስ ናቸው። ዲያቦሎስ በተንኰል ይይዛታል፤ አማኑኤል ሠራዊት ይዞ ይከባታል። ትምህርቱ ከመንገደኛው ታሪክ ይልቅ ይከብዳል፤ መጽሐፉም በአንባቢ ዘንድ የዚያን ያህል አልተወደደም። ሰልፉ፣ ሰንደቁ፣ የመለከቱ ድምፅ፣ በየቤቱ የሚመደበው ወታደርና የባለቤቶቹ ምሬት ግን ያየ ሰው የጻፈው ነው። ሦስት ወጣቶች ከመልካሙ ወገን ይመዘገባሉ፤ በመጀመሪያው ግጭት ይማረካሉ፤ ዲያቦሎስ ለእኔ ትዋጋላችሁ ወይ ሲላቸው ሃይማኖታቸው ዕድል ወደወሰዳቸው መሄድ እንደሆነ ነግረውት «ማንኛውም-ይሁን» በሚባል ሻምበል ሥር ይሰለፋሉ። ኒውፖርት ፓግነል ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች ሳይኖሩ አልቀረም። ስለ ጽድቅ ጦርነት በሚተርክ መጽሐፍ መካከል ሥጋና አጥንት ያላቸው ወታደሮች እነርሱ ናቸው። አንባቢው የሚፈልገው ዘብ ቆሞ የሞተው ጓድ ግን በዚህ መጽሐፍም የለም።

በ1688 በጋ ቡንያን ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሰባኪ ሆኖ ለንደን ውስጥ ሳይቀር አዳራሽ ይሞላል፤ የቤድፎርድ ሰዎችም በጨዋታ «ጳጳስ ቡንያን» ይሉታል። አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ አባትየው ሊነቅለው እንደዛተ ነገረው፤ እንዲያስታርቀውም ለመነው። ቡንያን በፈረስ ወደ ሬዲንግ ሄዶ አባትየውን አነጋገረ፤ ልቡንም አራራው። ከዚያ ወደ ለንደን ሲመለስ ከባድ ዝናብ ያዘው። ስኖው ሂል በተባለው ሰፈር ከሚኖር ወዳጁ ቤት የደረሰው በስብሶ ነበር፤ ትኩሳት ጀመረው፤ ነሐሴ 31 ቀን እዚያው ሞተ። የተቀበረው በለንደን ባንሂል ፊልድስ በተባለው መካነ መቃብር ነው። እንደ እርሱ ያሉ ጉባኤዎች ሳይታሰሩ እንዲሰበሰቡ የፈቀደው ሕግ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1689 ነው።